በሁለት በሮች መካከል የሚጠፋው ተማሪ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ወደ ኮሌጅ ለመግባት ሁለት በሮችን ያልፋል። አንደኛው በስተኋላው የሚዘጋው የትምህርት ቤቱ በር ነው፤ ሁለተኛው በስተፊቱ የሚከፈተው የኮሌጁ በር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጊዜ ባለቤት የለውም። የቀድሞው መምህር «ተማሪዬ ነበር» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል፤ የሚመጣው መምህር ደግሞ ገና ስሙን አልጻፈውም። ስለዚህ ወጣቱ በእነዚህ ወራት ቢቸገር የሚረዳው፣ ቢሳሳት የሚያርመው፣ ቢቀርም «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው አያገኝም።

ስለ ትምህርት በተነሣ ቍጥር ስለ ሕንፃ፣ ስለ መምህራን ብዛት፣ ስለ ፈተና ውጤት ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ስለዚህ ባለቤት ስለሌለው ጊዜ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው፣ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለጨረሱ ወጣቶች በዚሁ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የኮሌጅ መሰናዶ ትምህርት ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ሠራ፣ ምንስ መሥራት እንዳቃተው ከተመለከትን በኋላ ለአገራችን የሚሆነውን እንለያለን። የሌላውን አገር ልምድ መመርመር የሚጠቅመው የተሳካውን ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም በሰው ገንዘብ ለመማር ነውና።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል እንስማማ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወራት በእኛ አገር ዝናም የሚዘንብበት ክረምት ሲሆን በአሜሪካ ፀሐይ የምትበረታበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በሁለቱም አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «ክረምት» ስንል የትምህርት ቤቱን ዕረፍት ማለታችን ነው።

ትምህርቱ ምን ዓይነት ነው?

አሜሪካኖች ይህን ትምህርት «የክረምት ድልድይ» ብለው ይጠሩታል። ስሙ ራሱ ሥራውን ይገልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቈያል። ወጣቱ የኮሌጁ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ወደ ኮሌጁ ይሄድና፣ በብዙ ስፍራ እዚያው እያደረ፣ ሒሳብና የጽሑፍ ሥራ ይማራል። ከዚህም ጋር በመጽሐፍ የማይገኘውን ነገር ይለምዳል። ይኸውም ቤተ መጻሕፍቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት፣ ጊዜውን እንዴት እንደሚከፋፍል፣ አንድ ነገር ባይገባው ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብቶ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ትምህርቱን እንዴት እንደሚመርጥ ማለት ነው። አባቱና እናቱ ኮሌጅ የገቡ ልጅ ይህን ሁሉ በቤቱ ማዕድ ዙሪያ ሲሰማ ያድጋል። ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ የሆነው ልጅ ግን ካልነገሩት በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ «በነጻ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። ለባለጸጋ ልጅ ክፍያ የማይጠየቅበት ትምህርት በነጻ የተገኘ ትምህርት ነው። ለድኻ ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ በክረምቱ ወራት ሱቅ ውስጥ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቶ ቤተ ሰቡን የሚረዳ፣ ለመጪው ዓመትም ጥቂት ገንዘብ የሚያጠራቅም ነው። ስድስት ሳምንት ተቀምጦ ይማር ከተባለ የስድስት ሳምንት ደመወዙን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በሚገባ ያጠኑት ሰዎች ትምህርቱን ያለ ክፍያ ከመስጠት አልፈው ምግቡን፣ ማደሪያውንና መጻሕፍቱን ይችሉለታል፤ በአንዳንድ ስፍራም መጠነኛ አበል ይጨምሩለታል። ለድኻ ልጅ ነጻ ትምህርት ማለት ክፍያ ያለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን የሚያጣውን መተካት ጭምር መሆኑን ዘግይተው ሳይሆን ገና ከጅምሩ ተረድተውታል።

ከየት መጣ?

ይህ አሠራር በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድኽነት ላይ ዘመቻ ባወጁ ጊዜ የኤኮኖሚ ዕድል የሚባለው ሕግ ወጣ። ከዚሁ ሕግ «አፕዋርድ ባውንድ» የተባለ መርሐ ግብር ተወለደና በእ.ኤ.አ. 1965 ክረምት በጥቂት ኮሌጆች ለሙከራ ተጀመረ። ሐሳቡ፣ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክረምቱን በኮሌጅ ግቢ እንዲያሳልፉና ለኮሌጅ እንዲዘጋጁ ነው። ትምህርታቸውን የጨረሱትም ከመግባታቸው በፊት ባለው ክረምት የኮሌጅ ትምህርት እንዲጀምሩ ይደረጋል። በዚያው ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ወጣ፤ ሁለተኛ መርሐ ግብርም ተጨመረ፤ በእ.ኤ.አ. 1968 ደግሞ ሦስተኛው ተከተለ። ሦስቱ በአንድነት «ትሪዮ» የተባሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የክፍለ ግዛቶቹም ታሪክ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በእ.ኤ.አ. 1967 በሐምሌ ወር በኒው ጀርሲ ግዛት በኒዋርክ ከተማ ብርቱ ሁከት ተነሣ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ መንስኤውን ሲመረምር፣ የጥቁሮቹና የድኾቹ ልጆች ከኮሌጅ ውጭ መቅረታቸው ከቍጣው ምንጮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በእ.ኤ.አ. 1968 የትምህርት ዕድል ፈንድ የሚባለው ሕግ ወጣ። በዚህ ፈንድ የሚገቡ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ያለውን ክረምት በኮሌጁ እንዲማሩ ይደረጋል፤ ወጪውንም ፈንዱ ይችላል። ኒው ዮርክም በእነዚሁ ዓመታት ተመሳሳይ መርሐ ግብሮችን በኮሌጆቿ አቋቁማለች።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የኮሌጁ በር የተከፈተው በበጎ ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ የዜግነት መብት ትግሉና የጎዳናው ግፊት ገፍተውት ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረን ልጅ «ግባ» ብሎ አስገብቶ በመጀመሪያው ዓመት በውጤት ማባረር በደሉን በሌላ መልክ መድገም ነው። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ «አላስገቡኝም» ይል የነበረው ወጣት አሁን «አልቻልኩም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የክረምቱ ድልድይ የተሠራው ይህን ሁለተኛ በደል ለመከላከል ነው።

በክረምቱ የሚሟሟው ቍጥር

ብዙ ሰው ተማሪ ከኮሌጅ የሚቀረው ፈተና ስለ ወደቀ ወይም ፍላጎት ስላጣ ይመስለዋል። በአሜሪካ ቤንጃሚን ካስልማንና ሊንዚ ፔጅ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር አገኙ። በእ.ኤ.አ. 2014 ባወጡት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ በሰኔ ወር ኮሌጅ ተቀብሏቸው «እንገባለን» ካሉት ወጣቶች መካከል፣ እንደየአካባቢው ከመቶ ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት በመስከረም ወር ክፍል ውስጥ አልተገኙም። እነዚህ ፈተና የወደቁ አይደሉም፤ ተቀባይነት ያገኙ ናቸው። በክረምቱ ወራት እንደ በረዶ ሟሙተው ስለ ጠፉ ነገሩን «የክረምት መሟሟት» ብለውታል።

ምክንያቱ ሲመረመር ትልቅ ነገር አይደለም፤ የብዙ ትንንሽ ነገሮች ክምችት ነው። የክፍያው ሂሳብ በፖስታ ይመጣል፤ ዕርዳታው ከዚያ ላይ ተቀንሶ ይሁን አይሁን ወጣቱ አያውቅም። የማደሪያ ማመልከቻ አለ፤ የጤና መድን ቅጽ አለ፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መመደቢያ ፈተና አለ፤ የገለጻ ቀን አለ፤ ለያንዳንዱም የተቈረጠ ቀን አለው። አንዱ ቀን ካለፈ ሌላው ይሰናከላል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ በክረምት ደመወዝ ስለማይከፈለው ቤቱ ነው። የኮሌጁ አማካሪም ሥራውን የሚጀምረው ተማሪው ሲገባ ነው። ወላጆቹ ቅጹን አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ወጣቱ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ቀኑ ያልፋል፤ «በሚመጣው ዓመት እገባለሁ» ይላል፤ የሚመጣው ዓመት ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም።

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በአንዳንድ ከተሞች በክረምቱ ወራት ለተማሪዎቹ በስልክ አጫጭር መልእክት አስላኩ፤ መልእክቱ ቀነ ገደቡን ያስታውሳል፤ ተማሪው ከፈለገ ከአማካሪ ጋር ያገናኘዋል። ወጪው ለአንድ ተማሪ 7 ዶላር ያህል ነበር። ከሌሎቹ ይልቅ መልእክቱ የደረሳቸው ኮሌጅ የመግባታቸው ነገር ከፍ ብሎ ታየ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙትም የሚመክራቸው ያልነበራቸው ወጣቶች ናቸው።

ይህ ወሬ ሲሰማ ባለሥልጣኖች ደስ አላቸው፤ ርካሽ መድኃኒት ማን ይጠላል? ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካስልማንን ጨምሮ ተመራማሪዎች ከ800 ሺህ ለሚበልጡ ተማሪዎች የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ እንዲሞሉ የሚያሳስብ መልእክት ከሩቅ መሥሪያ ቤቶች እንዲላክ አድርገው ውጤቱን መዘኑ። ኮሌጅ የገቡት ቍጥር አልጨመረም። መልእክቱ ያው መልእክት ነው፤ የላከው ግን ወጣቱ የማያውቀው፣ እርሱንም የማያውቀው ቢሮ ነበረ። በእኛ አስተያየት የሁለቱ ሥራዎች ልዩነት ከዚህ ላይ ነው። ወጣቱን ያነሣው ወረቀቱ ወይም ስልኩ አይደለም፤ በስልኩ ማዶ ያለ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስሕተትም ምክንያት አለው

በክረምቱ ትምህርት ውስጥ ምን ይማሩ? እንዴትስ ይማሩ? በዚህ ነገር ሁለት ሊቃውንት የሠሩት ሥራ ሊታወስ ይገባል።

አንደኛዋ ሚና ሾነሲ ናቸው። በኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ ለአዲስ ገቢዎች የጽሑፍ ትምህርት ይመሩ ነበር። ተማሪዎቹ የጻፉት ለብዙ መምህራን የስሕተት ክምር ብቻ ሆኖ ይታይ ስለ ነበር «እነዚህ ለኮሌጅ አይሆኑም» የሚል ድምፅ በዝቶ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ 4,000 የሚደርሱ የተማሪዎች ጽሑፎችን ሰብስበው አንድ በአንድ መረመሩ፤ ሐሳባቸውንም በእ.ኤ.አ. 1977 በመጽሐፍ አሳተሙ። ያገኙት ነገር ስሕተቱ የስንፍና ወይም የድንቍርና ምልክት አለመሆኑን ነው። ስሕተት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ተማሪው በሚናገረው ቋንቋና በሚጻፈው ቋንቋ መካከል እየታገለ የሠራው የራሱ ሕግ ውጤት ነው። ሥርዓቱን ያወቀ መምህር ሥሩን ስለሚያገኝ በቶሎ ያርመዋል፤ ያላወቀው ግን በቀይ ቀለም ወረቀቱን ከመሙላት በቀር የሚጠቅም ነገር አይሠራም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ዩሪ ትራይስማን የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሮች ተማሪዎች በካልኩለስ ትምህርት በብዛት ሲወድቁ፣ የቻይና ተወላጆች ደግሞ በብዛት ሲያልፉ አዩ። መምህራኑ ምክንያቱን ሲጠየቁ ጥቁሮቹ የመማር ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተ ሰባቸው አይደግፋቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ትራይስማን መልሱን እንዲሁ አልተቀበሉም። ከያንዳንዱ ወገን 20 ተማሪዎች መርጠው ከክፍል ውጭ እንዴት እንደሚያጠኑ ለረዥም ጊዜ ተከታተሉ።

የታየው ነገር ከተገመተው የተለየ ሆነ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ መምህሩ የነገራቸውን ያህል ሰዓት በትጋት ያጠኑ ነበር። ነገር ግን ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። አንድ ጥያቄ ሲከብደው እያንዳንዱ «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ያስብ ነበር። ቻይናውያኑ ግን ለብቻቸው ከሠሩ በኋላ ማታ ይሰበሰባሉ፤ መልሳቸውን ያስተያያሉ፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል፤ ለሁሉም የከበደ ጥያቄ ካለ ጥያቄው ከባድ መሆኑን እንጂ እነርሱ ደካሞች አለመሆናቸውን ያውቃሉ። ትራይስማን ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹን በአንድነት የሚያሠራ የጥናት ቡድን አቋቋሙ። ያቀረቡላቸውም ቀላል ጥያቄ ሳይሆን ከተለመደው የከበደ ጥያቄ ነበር። ውጤታቸው በግልጥ ተሻሻለ። ይህ አሠራር በብዙ ኮሌጆች ተስፋፍቷል። በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ካውንቲ ያለው ዩኒቨርሲቲ በእ.ኤ.አ. 1988 ያቋቋመው የሜየርሆፍ መርሐ ግብርም፣ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ስድስት ሳምንት የክረምት ትምህርት አሰጥቶ በኅብረት ማጥናትን ገና ከመግባታቸው ያለማምዳቸዋል።

ከሁለቱ ሊቃውንት የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ደካማ መሠረት ያለውን ተማሪ «ደካማ» ብሎ ለይቶ ቀላል ነገር ማስደጋገም አያነሣውም። የስሕተቱን ምክንያት የሚያውቅ መምህር፣ ከርሱ ጋር የሚደክም ጓደኛ፣ የሚከብድም ሥራ ያስፈልገዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

በሚዛን ላይ ሲቀመጥ

እስካሁን ያነሣነው የክረምቱን ትምህርት የሚያስመሰግን ነው። አሁን ደግሞ ሚዛኑን በሌላው ወገን እንይ። በእ.ኤ.አ. 2009 ክረምት በቴክሳስ ግዛት በስምንት ኮሌጆች ጥብቅ ጥናት ተደረገ። ወደ 1,300 የሚሆኑ ወጣቶች በዕጣ ተለይተው አንዱ ወገን ከአራት እስከ አምስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ተሰጠው፤ እስከ 400 ዶላር የሚደርስ አበልም ተከፈለው። ሌላው ወገን ግን በተለመደው መንገድ ኮሌጅ ገባ። ለአንድ ተማሪ የወጣው ገንዘብ 1,300 ዶላር ያህል ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ውስጥ የክረምቱን ትምህርት ያገኙት የመጀመሪያውን የኮሌጅ ሒሳብና የጽሑፍ ትምህርት በማለፍ በልጠው ታዩ። ሁለት ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በኮሌጅ በመቈየትም ሆነ ባጠራቀሙት ትምህርት ብዛት ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ትምህርቱ ዋጋ ቢስ ነበር ማለት አይደለም፤ ወጣቱን በመጀመሪያው ኮረብታ ላይ አውጥቶታል። ከኮረብታው ባሻገር ተራራ ስለ ነበረ ግን፣ ድልድዩ ካለቀ በኋላ ብቻውን የተተወው ተማሪ በዚያው በቀድሞው ችግር ተመልሶ ተያዘ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በእ.ኤ.አ. 2007 «አሳፕ» የተባለ መርሐ ግብር በማኅበረ ሰብ ኮሌጆቹ አቋቋመ። ይህኛው ሳምንታት ሳይሆን ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ተማሪው በየጊዜው የሚያገኘው አማካሪ ይመደብለታል፤ የመጓጓዣ ካርድ ይሰጠዋል፤ በመጻሕፍት ወጪ ይረዳል፤ በክረምትም እንዲማር ይደረጋል። በእ.ኤ.አ. 2015 በታተመው ጥናት፣ ይህን ዕድል ካገኙት ከመቶ 40 የሚሆኑት በሦስት ዓመት ሲመረቁ ካላገኙት ግን ከመቶ 22 ብቻ ተመርቀዋል። ወጪው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪ ስለሚያስመርቅ በአንድ ተመራቂ ሲሰላ ከተለመደው አሠራር ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ የስድሳ ዓመቱን ልምድ በአጭሩ ብንሰበስበው፣ ክረምቱ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ብቻውን ግን መጨረሻ አይሆንም። ወጣቱን ከበሩ የሚያደርሰው ሰው በሩን ከገባ በኋላም ካልተከተለው የተከፈለው ገንዘብ በመንገድ ይቀራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ ከ896 ሺህ ከሚበልጡ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በያመቱ ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ መልካም ነው፤ ገና ብዙ መንገድ እንደሚቀረንም ግልጥ ነው።

መንግሥት ይህን አይቶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲዎች ለጥቂት ወራት የሚያስተምር የአቅም ማሻሻያ ወይም የሪሚዲያል መርሐ ግብር አቋቋመ። ተማሪው ትምህርቱን ወስዶ ይፈተናል፤ ካለፈ ወደ መጀመሪያው ዓመት ይገባል። ይህም በራሱ መንገድ ድልድይ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የታየውን ውጤት በእኛ ድልድይ ላይ ማስተያየት ተገቢ ይሆናል።

መጀመሪያ ሊነሣ የሚገባው የቈጠራው ነገር ነው። የሪሚዲያሉን ፈተና ስንት ተማሪ አለፈ ብሎ መቍጠር አያስቸግርም። ነገር ግን የቴክሳሱ ጥናት እንዳስተማረን እውነተኛው ሚዛን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ያለው ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ስንቱ ቈየ? ስንቱ ተመረቀ? በየትኛው ትምህርት ተሰናከሉ? ይህን ለይቶ የሚይዝ መዝገብ ከሌለ ድልድዩ ይበርታ ይሰበር አናውቅም።

ሁለተኛው፣ የክረምቱ ነገር ነው። በእኛ አገር የመልቀቂያው ፈተና በቅርቡ ዓመታት የሚሰጠው በሐምሌ ሲሆን፣ ውጤቱ እስኪገለጥና ምደባው እስኪታወቅ ክረምቱ በመጠበቅ ያልፋል። ተማሪው መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሐሳቡ ሁሉ በውጤቱ ላይ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ያለፈው ሳይዘጋጅ ይገባል፤ ሪሚዲያል የሚደርሰውም ረስቶት ይጀምራል፤ የወደቀውም ወራቱን በከንቱ አጥቷል። ውጤት ሳይጠበቅ በክረምቱ ለሁሉም የሚከፈት ትምህርት ቢኖር ከሦስቱ ወገን አንዱም አይጎዳም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ለዚህም ትልቅ ገንዘብና አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የትምህርት ቤቶቹ ክፍሎች በክረምት ባዶ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በክረምት ወደ የትውልድ ስፍራቸው ይመለሳሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ በትምህርት ቤቶች ያስተምሩ እንደ ነበረ ይታወቃል። ባለፈው ዓመት ያንኑ ፈተና ያለፈ ልጅ፣ የማደሪያውን ነገር፣ የመጀመሪያውን ወር ናፍቆት፣ የሚከብደውን ትምህርት ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ያለውን በጎ ፈቃድ በሥርዓት ማደራጀትና ለአዲሶቹ ገቢዎች ማዋል ብቻ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛው የቋንቋው ነገር ነው። ተማሪዎቻችን በሁለተኛ ደረጃም በዩኒቨርሲቲም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ወይም ፊዚክሱ ሳይሆን ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ነው የሚጥላቸው። በአማርኛ ግሱ የሚቀመጠው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን በመካከል ይመጣል። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛም የየራሱ ልዩነት አለ። ስለዚህ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚሠራው ስሕተት ከሚናገረው ቋንቋ የተነሣ መሆኑን የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል። የሾነሲ ምክር ከኒው ዮርክ ይልቅ ለእኛ ሳይጠቅም አይቀርም።

አራተኛው የባለቤትነት ነገር ነው። በአሜሪካ ወጣቱን በክረምት ያጠፋው የወረቀት ክምር ነበረ። በእኛ ዘንድ ምዝገባው በኢንተርኔት የሚፈጸም፣ ማስታወቂያውም በስልክ የሚነበብ ሆኗል። ኔትዎርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ተማሪ የሚመዘገብበት ቀን ቢያመልጠው የሚነግረው ማን ነው? ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የአውቶቡስ ሒሳብ ቢያጣ ወደ ማን ይሄዳል? በያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመራቂዎቹን ስም ይዞ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ የሚከታተል አንድ መምህር በክረምቱ ቢመደብና ለድካሙም አበል ቢቈረጥለት፣ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ልጅ ግን ብዙ ነው። ይህን ሥራ በማስታወቂያ ብቻ እንወጣዋለን ብሎ ማሰብ ግን ያ 800 ሺህ ሰው የደረሰው መልእክት የገጠመውን ዕድል መድገም ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ድልድይ የሚሠራው በሁለት ጠንካራ ዳርቻዎች መካከል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የጎደለውን በአራት ወር መሙላት የሚችል መምህር በዓለም ላይ የለም። የሪሚዲያሉም ሆነ የክረምቱ ትምህርት የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የማደስን ሥራ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። እንዲህ ሆኖ የታየ ዕለት ድልድዩ ራሱ ለችግሩ መሸፈኛ ይሆናል።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሠራተኛ

ይህን ለሚያነብ ተማሪ የምንለው አጭር ነው። ብቻህን አታጥና። በሰፈርህ ያሉትን ሦስት አራት ጓደኞች ሰብስብ፤ ለየብቻችሁ ከሠራችሁ በኋላ ተሰባስባችሁ መልሳችሁን አስተያዩ። ያልገባህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ገባህ መስለህ መቀመጥ ነው። የክረምቱም ወራት ውጤት የምትጠብቅበት ብቻ ሳይሆን የምትዘጋጅበት ይሁን። ይህ ምክር እኅቶቻችንንም የሚመለከት ነው፤ እንዲያውም በክረምት የቤቱ ሥራ ሁሉ የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ስለ ሆነ፣ ወላጆች ለሴት ልጃቸው የጥናት ሰዓት ቢለዩላት ታላቅ ውለታ ይሠሩላታል።

በትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና በወረዳዎች ሥራ ለጀመረው ወጣት ደግሞ ሌላ ቃል አለን። በጠረጴዛህ ላይ የሚመጣው መዝገብ ወይ የሁለተኛ ደረጃ ወይ የዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው ልጅ ግን በሁለቱም መዝገብ የለም። ደንቡ «የሥራ ድርሻዬ አይደለም» ለማለት ይፈቅድልህ ይሆናል። ነገር ግን አሜሪካ በስድሳ ዓመት ሥራና በብዙ ገንዘብ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ልጁን የሚያሻግረው «ይህ የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው መኖሩ ነው። በሚመጣው ሐምሌ በወረዳህ ፈተናውን ጨርሰው የሚወጡትን ልጆች ስም ዝርዝር ጠይቀህ ያዝ፤ በጥቅምትም ያንኑ ዝርዝር አውጥተህ እያንዳንዱ የት እንዳለ ጠይቅ። የጎደለው ስም ካለ ሥራህ ከዚያ ይጀምራል።